«4 ሰው ያስተኛል» የተባለ መኪና ላይ ተኝታችሁ ሳትሞክሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ጅማና አካባቢው ሆናችሁ ማደሪያ የተሠራለት ያገለገለ ሚኒባስ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ 80 ሺህ ብር ቀብድ ከፍዬ መኪናውንም ብሩንም አጥቻለሁ። ሞተሩ ችግር አልነበረበትም። ሊብሬውም ትክክለኛ ነው። ጉድ የሠራኝ የውስጡ ስፋት ነው።

ሥራዬ እንግዳ ይዞ ወደ ቡና ጫካ መውጣት ነው። አንድ ሳምንት በለጠ ጌራ ደን፣ ሌላ ሳምንት ቦንጋ። እንግዶቹ አልጋ ይዘው ያድራሉ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ጋቢና ላይ ጉልበቴን አጥፌ አነጋለሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሁለቱ ልጆቼ «አባ እኛንም ይዘኸን ሂድ» ይላሉ። አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና መግዛት የዓመታት ሐሳባችን ነበር። ከባለቤቴ ጋር ዕቁብ ገብተን ያጠራቀምነው ለዚህ ነው።

ፎቶውን ያየሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ነጭ ቶዮታ ሃይስ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለው ዓይነት። ውስጡ እንደ ሳሎን ያምራል። መጋረጃ አለው። ጣሪያው ላይ ትናንሽ መብራቶች ተደርድረዋል። ጠረጴዛ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ቡታ ጋዝ፣ ቁም ሳጥን። ከሥሩ «ሙሉ ኪችን፣ 4 ሰው ያስተኛል» ይላል። ደወልኩ። ደላላው «ወንድሜ ቶሎ በል፣ ነገ ጠዋት ከአጋሮ የሚመጣ ሰው አለ» አለኝ።

ሐምሌ ነበር። ሥራ ጨርሼ ስደርስ መሽቷል፤ ዝናቡም ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ባለ መኪናው ከፔርሙስ ቡና ቀዳልኝ። መብራቶቹ በርተው፣ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲንኳኳ፣ ልቤ እዚያው ቀረ። «አልጋውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «የተቀመጥክበት ነው፤ ጠረጴዛው ዝቅ ይልና አልጋ ይሆናል» አለኝ። ዘርግቶ አላሳየኝም። እኔም ዘርጋልኝ አላልኩም። ወረቀት ተፈራረምን፣ ብሩን በስልኬ አስተላለፍኩ።

በማግስቱ ባለቤቴንና ሜትር ይዤ ተመለስኩ።

አልጋው ሲዘረጋ ርዝመቱ 1.68 ሜትር ሆነ። የእኔ ቁመት 1.78 ነው። እንዴት እንዲህ እንደሆነ ቆመን አሰላነው። የዚህ ዓይነት ሃይስ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ በሩ ያለው ባዶ ወለል ወደ 3 ሜትር ነው። ኋላ ያለው ምድጃና ከጋቢናው ጀርባ የቆመው ቁም ሳጥን አንድ ላይ 1.30 ሜትር በልተውታል። ለሰው የተረፈው ያ ነው። በፎቶ ላይ መኪናውን ያሳመረው ዕቃ ሁሉ ከአልጋው ላይ የተቆረጠ ነበር።

በአግድም ልተኛ ብትሉም አይሆንም። የሃይሱ የውስጥ ወርድ ወደ 1.52 ሜትር ነው። ግድግዳው በቺፑድ ሲለበስ ከግራም ከቀኝም አምስት አምስት ሴንቲ ይሄዳል። 1.42 ይቀራል። እዚያ ላይ በአግድም የሚተኛ ልጅ ብቻ ነው።

ከፍታው ደግሞ የባሰ ነው። ባዶውን ሲሆን ከወለል እስከ ጣሪያ 1.32 ሜትር ገደማ አለው። ወለሉም ጣሪያውም ሲለበስ 1.25 ሆኗል። አልጋው ከነስፖንጁ ከወለል 50 ሴንቲ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከአልጋው በላይ የቀረው 75 ሴንቲ ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ከመቀመጫው እስከ አናታችሁ ለኩ። እኔ 92 ሴንቲ ነኝ። እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ጫማ ማሰር አልችልም። ማታ ዝናብ ከያዘን እስኪነጋ ተጋድመን ነው የምንቆየው።

ከቁጥሩ በላይ ያስደነገጠኝ ግን አቀማመጡ ነው። ቀን ቀን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታው ላይ ነው። አልጋው ሲዘረጋ የጎን ተንሸራታች በሩ በፍራሹ ይዘጋል። የኪችኑ መሳቢያ አይከፈትም። ቁም ሳጥኑም ሲከፈት በሩ ከአልጋው ጋር ይጋጫል። ሻንጣ የሚቀመጥበት ወለል ራሱ አልጋ ስለሆነ፣ ለመተኛት ሻንጣውን አውጥቶ ጋቢና መከመር ያስፈልጋል። ባለቤቴ ገብታ ተጋደመችና «ሌሊት ልጅ ሽንት ቤት ቢል በየት ነው የምወርደው?» አለች። መልስ አልነበረውም። በኋለኛው በር እንዳትወርድ፣ ምድጃው ሙሉ ለሙሉ ዘግቶታል።

«4 ሰው» የተባለው ሌሎቹ ሁለት ሰዎች የት እንደሚተኙ ጠየቅኩ። ባለ መኪናው አንድ ሳንቃ አምጥቶ የጋቢናውን ወንበሮች ደፍኖ አስቀመጠው። በሃይስ ሞተሩ ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተነዳ በኋላ ሙቀቱ ቶሎ አይለቅም። ልጆቼን እዚያ ላይ ላስተኛ አልፈልግም።

ቀብዴ ይመለስልኝ አልኩ። «ሐሳብህን የቀየርከው አንተ ነህ» አሉኝ። ሕግ የሚያውቅ ዘመዴ ጋ ሄድኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 የሚለው ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። በወረቀታችን ላይ የተጻፈው የመኪናው ሰሌዳና ዋጋው ብቻ ነበር። ስለ አልጋው ርዝመት፣ ስለ አራቱ ሰው አንድም ቃል የለም። የቴሌግራሙን ማስታወቂያ አንስቼ አላስቀመጥኩትም። እነሱም በዚያው ቀን አጠፉት።

«ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋን ያዟት። ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነባችሁ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጨምሩ። አልጋው ተዘርግቶ ይህን ያህል ሜትር በይህን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚያስተኛ ይጻፍ። በቀን ብርሃን ታይቶና ተለክቶ ያ ካልሆነ ቀብዱ እንደሚመለስ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስለ ፎቶ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ የውስጥ ፎቶዎች የሚነሱት በስልክ ሰፊ ሌንስ ነው፤ ካሜራው ላይ 0.5 የሚለው። ይህ ሌንስ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያርቃል። አንድ ሜትር ተኩል የነበረው ኮሪደር ይመስላል። ፎቶ ላይ ስፋት ለማወቅ የምታውቁትን ዕቃ ፈልጉ። 20 ሊትር ጀሪካን፣ የጎማ ጉብታ፣ በር። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ «አንድ ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ ቪዲዮ ላኩልኝ» ማለት ነው።

የጅማ አየር ደግሞ የራሱ ነገር አለው። እዚህ ዝናቡ ብዙ ወር ነው፣ እርጥበቱም አይጠፋም። ቺፑድ አንዴ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የግድግዳውን ልባስ ከታች፣ ወለሉ ጋ፣ በጣታችሁ ዳብሱት። አብጦ ከሆነ ወይም ሲጫኑት ከለሰለሰ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ከጀርባው ያለው ላሜራ ዝጎ ይሁን ጤነኛ ይሁን አይታይም። አንድ ልባስ ብሎኑን ፈትታችሁ አሳዩኝ በሉ። እኔ ባየሁት መኪና ሁሉም በማጣበቂያ የተለጠፈ ነበር። ፍራሹንም አንሥታችሁ ሥሩን አሽቱ። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ትንፋሹ ቀዝቃዛው ጣሪያ ላይ ውሃ ይሆናል። መተንፈሻ ከሌለው ውሃው ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ይሻግታል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ እለምናችኋለሁ። እኛ ቡና ወዳዶች ነን። ዝናብ ሲሆን መኪና ውስጥ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት ያምራል። አታድርጉት። የከሰል ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ በተዘጋ ቦታ ተኝተው እንዳይነሱ ያደርጋል። ቡታ ጋዝም ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ የሚተኛው ወለሉ ላይ ነው። የሲሊንደሩ ሳጥን ከታች ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። እኔ ያየሁት ሲሊንደር አልጋው ራስጌ ሥር፣ ቀዳዳ በሌለው ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሰው ብዛትም ከውስጡ ጋር አስተያዩት። ወንበር ተነቅሎ አልጋ የገባበት መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ፣ ስም ሲዛወርም ጥያቄ ያስነሳል። ለውጡ አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ራሳችሁ ጠይቁ እንጂ ደላላ አትጠይቁ። በግራ ከሚነዳበት አገር፣ ለምሳሌ ከኬንያ በኩል የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ የጎን በሩ በግራ ነው። እኛ ቀኝ ይዘን ስለምንነዳ፣ ልጅ ሲወርድ በቀጥታ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይወርዳል።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት መኪናዎች ገብቼ ለክቻለሁ። አንደኛው ረጅሙ ሃይሩፍ፣ ማለትም ጣሪያው ከፍ ያለው ሃይስ ነው። ከውጭ ሲለካ ርዝመቱ 5.38 ሜትር፣ ወርዱ 1.88 ነው። ባዶውን ሲሆን የውስጡ ከፍታ 1.63 ገደማ ነው። እኔ አንገቴን ጎንበስ አደርጋለሁ፣ ባለቤቴ ቆማ ትለብሳለች። አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ መብላት ይቻላል። ከአጭሩ ጋር ሲነጻጸር ቤት ነው። በጠባብ የገጠር መንገድ ማዞሩ ግን ያደክማል፤ ወደ ጌራ ጭቃው ላይ የሄደ ሰው ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ያየሁት ፊያት ዱካቶ ነው። ሞተሩ ከፊት ለፊት ስለሆነ የጋቢናው ወለል ከኋላው ጋር ይገናኛል፤ ወንበሮቹንም ወደ ኋላ የሚዞሩ ማድረግ ይቻላል። ያ ብቻውን አንድ ሳሎን ይጨምራል። የውስጥ ወርዱ በሰፊው ቦታ 1.87 ሜትር ስለሚደርስ ብዙ ሰው በአግድም ይተኛበታል። አልጋው በአግድም ሲሆን ለኪችን የሚተርፈው ርዝመት ብዙ ነው። ግን ግድግዳው ከተለበሰ በኋላ የቀረውን ለኩ። ለ1.78 ሰው ጠባብ ነው። መለዋወጫውንም ጅማ ላይ እንደ ቶዮታ አታገኙትም። ለእኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ያሰብነው ባዶ ሃይሩፍ ፈልገን እዚሁ ማሠራት ነው። ጅማ በወንበርና በበርጩማ የታወቁ እንጨት ሠሪዎች አገር ናት። ቋሚ ሶፋ ከመትከል ሁለት የጅማ በርጩማ ይበቃል፤ ማታ ወደ ጋቢና ይገባል።

ከዚያ በፊት ግን ቤታችን ውስጥ ያደረግነውን ንገረን ብትሉ፣ የሳሎኑን ምንጣፍ አንሥተን መኪናውን በቾክ ወለሉ ላይ ሣልነው። አልጋውን፣ ምድጃውን፣ በሩን። የከፍታውን ልክ ግድግዳው ላይ በክር ወጠርነው። ከዚያ አንድ ማታ አራታችንም እዚያ መስመር ውስጥ እራት በልተን፣ ልብስ ቀይረን፣ ተኛን። ትንሿ ልጄ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሣች። ሁለቱንም ጊዜ እኔን ረግጣ ነው የወጣችው። ጠዋት ምድጃውን ከበሩ ጎን ወደ ሌላኛው ወገን አዛወርነው፣ መውጫ አገኘን። ቾክ ነውና በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። ይህን ያደረግነው ከቀብዱ በፊት ቢሆን ኖሮ 80 ሺህ ብራችን ዛሬም እጃችን ላይ ነበር።

መኪናው እስካሁን አልተሸጠም። ባለፈው ሳምንት ሌላ ግሩፕ ላይ አዳዲስ ፎቶ ወጥቶለት አየሁ። መጋረጃው ሰማያዊ ሆኗል። «ለቤተሰብ የሚሆን፣ 4 ሰው በምቾት» ይላል። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ኋላ በሩን የዘጋ ባለ ሁለት ምድጃ፣ ከጋቢናው ጀርባ ቁም ሳጥን ያለው ነጭ ሃይስ ካሳዩአችሁ፣ ቡናውን ከመቀበላችሁ በፊት «ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጉልን፣ እንተኛበት» በሏቸው።