የቶካይዶ ሺንካንሰን የኃይል አቅርቦት፦ የሚወደስበትና የማይቀዳበት

ከቶኪዮ እስከ ሺን-ኦሳካ 515 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ የጃፓን ፈጣን ባቡር መስመር ባቡሮቹን የሚመግበው በ25 ኪሎቮልት ነው። ቮልቴጁ ብርቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም የሚሄደው በዚሁ ነው። ጉዱ ጭነቱ ላይ ነው። ባለ16 ፉርጎው ኤን700 ባቡር እያንዳንዳቸው 305 ኪሎዋት የሆኑ 56 ሞተሮች አሉት፤ ሲደመር 17 ሜጋዋት ገደማ። ብክነቱን ትተን ለ25 ኪሎቮልት ስናካፍለው 680 አምፒር ይሆናል። ይህን ሁሉ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ከሽቦ የሚለቅሙት ሁለት ፓንቶግራፎች (ከጣሪያ ተነሥተው የላይ ሽቦውን የሚነኩ ክንዶች) ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ሲከፈት እንዲህ አልነበረም። ያኔ የተመረጠው ቡስተር ትራንስፎርመር ነው፤ በሐዲድ የሚመለሰውን ከረንት ወደ መመለሻ ሽቦ እየሳበ የስልክ መስመሮች እንዳይረበሹ ያደርጋል። ግን እሱን ለማስገባት የላይ ሽቦው በየ3 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መከፈል ነበረበት። ፓንቶግራፉ ክፍተቱን ባለፈ ቁጥር ብልጭታ ይፈጠራል፤ ሽቦውም የፓንቶግራፉ ንጣፍም ይበላል። ፓንቶግራፎቹን በጣሪያ ኬብል እንዳያገናኟቸው ደግሞ ባቡሩ ራሱ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ባለ16 ፉርጎ ባቡር 8 ፓንቶግራፍ አንግቶ ይሮጥ ነበር፤ ጩኸቱን አስቡት።

መፍትሔው ኦቶትራንስፎርመር ሆነ። ተቃራኒ ፌዝ ያለው (ሞገዱ ከላይ ሽቦው በተቃራኒ የሚሄድ) መጋቢ ሽቦ ይጨመራል፤ በእሱና በላይ ሽቦው መካከል 50 ኪሎቮልት አለ፣ ሐዲዱ በቮልቴጅ መሐል ላይ ይቀመጣል። ከሩቅ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚመጣው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ የላይ ሽቦውም በየ3 ኪሎ ሜትሩ መቆራረጡ ይቀራል። ከሺን-ኦሳካ ወደ ምዕራብ የሚቀጥለው የሳንዮ መስመር በ1972 ከመነሻው በዚህ ተሠራ፤ ቶካይዶ ግን ባቡር እያስኬደ መቀየር ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የሚደነቀው የፌዝ መቀየሪያው ነው። አጎራባች የላይ ሽቦ ክፍሎች በፌዝ በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ እንዲነካኩ አይፈቀድም። አውሮፓ ውስጥ የባቡሩ ብሬከር (ዋናው ማቋረጫ) ተከፍቶ ባቡሩ ያለ ኃይል ይሻገራል። እዚህ ግን በሁለቱ ክፍሎች መካከል 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ አለ። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ሲገባበት የኋላው ቫኩም ስዊች ይከፈታል (ያቋርጣል)፣ የፊቱ ይዘጋል (ያገናኛል)። ኃይል የሚቋረጠው ለ0.3 ሰከንድ ያህል ነው፤ በዚያ ፍጥነት 24 ሜትር፣ የአንድ ፉርጎ ርዝመት እንኳ አይሞላም። አሽከርካሪው እጁን አያነሳም። ዋጋው ስዊቹ በእያንዳንዱ ባቡር መሥራቱ ነው። ሁለቱ ስዊቾች አብረው ቢዘጉ በመካከላቸው ያለው 35 ኪሎቮልት ሾርት ያደርጋል፤ ስለዚህ በኢንተርሎክ (ሁለቱ አብረው እንዳይዘጉ በሚከለክለው ጥበቃ) እና በመጠባበቂያ ስዊች ላይ ገንዘብ መቆጠብ ሞኝነት ነው።

የማይቀዳው የፍሪኩዌንሲው ነገር ነው። ከፉጂ ወንዝ በስተምሥራቅ የአገሪቱ መረብ 50 ኸርዝ ቢሆንም መስመሩ ሙሉውን በ60 ስለሚሠራ ግዙፍ መለወጫ ጣቢያዎች ያስፈልጉታል። በ1964 ባቡር ላይ ሁለቱንም የሚችል መሣሪያ መጫን ከባድ ስለነበር ምርጫው ትክክል ነበር። ዛሬ በሌላው የጃፓን ሺንካንሰን፣ በሆኩሪኩ መስመር የሚሮጠው ኢ7 ባቡር ግን 50ንም 60ንም ራሱ ይቀበላል።