ማካዳሚያ ወይስ የብራዚል ለውዝ? ለጎጃም ጓሮ ችግኝ ለሚገዛ

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ከቡሬ ደወሉልኝ። «አንተ፣ የአማዞን ለውዝ የሚሉት ችግኝ መጥቷል አሉ። እሱን ልግዛ ወይስ ማካዳሚያ ይሻለኛል?» አሉኝ። ሁለቱንም ለውዝ እያልን ስለምንጠራቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በዝምድና ግን አይገናኙም። ከአፈር ከሚቆፈረው ኦቾሎኒም ጋር አይገናኙም።

የአማዞን ለውዝ ያሉት የብራዚል ለውዝ ነው። ዛፉ ጉድ ነው። ቁመቱ እስከ 50 ሜትር ይደርሳል፤ አሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ፍሬው ቅል ይመስላል፣ ቅርፊቱ እንደ እንጨት የጠነከረ ነው፣ እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ውስጡ ከ10 እስከ 25 የሚሆኑ ባለሦስት ማዕዘን ለውዞች እንደ ብርቱካን ክፋይ ተደርድረው ይገኛሉ። አበባው ከፈካ በኋላ ፍሬው እስኪበስል 14 ወር ያህል ይፈጃል። ሲበስል ደግሞ ከዚያ ከፍታ ዱብ ይላል፤ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት አይታሰብም።

ችግሩ አበባው ላይ ነው። አበባው ክዳን አለው። ያንን ክዳን ገፍተው የሚገቡት የአማዞን ትልልቅና ጉልበተኛ ንቦች ናቸው። የኛዋን የማር ንብ ለዚህ ሥራ አልተማመንባትም። ቅሉን በጥርሷ ሰብራ ዘሩን የምትቀብረውም አጉቲ የምትባል የአይጥ ዘመድ ናት፤ ቀብራ የረሳችው ይበቅላል። ጫካው ራሱ ካልመጣ ዛፉ ብቻውን ምን ይሠራል? ለዚህም ነው ገበያ ላይ የሚወጣው የብራዚል ለውዝ አብዛኛው ዛሬም ከዱር የሚለቀመው። በዚያ ላይ ፍሬ ለማየት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና እርጥበት የለመደ የቆላ ዛፍ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን አይስማማውም። በአጭሩ፣ ገንዘባችሁን አታጥፉ።

ማካዳሚያ ሌላ ነገር ነው። እሱም የዝናብ ጫካ ልጅ ነው፤ አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ። ግን ዘመዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየአጥሩ የተከልነው ግራቪሊያ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ አገራቸውም አንድ። ማካዳሚያ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ቁመቱ 12 ወይም 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ነጣ ያለ አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል፣ የማር ንብም ትወደዋለች። ቀፎ ላለው ጎጃሜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፍሬው ሲደርስ ራሱ ይወድቃል፤ ከመሬት መልቀም ነው። ቅርፊቱን ለመስበር ግን መዶሻ አዘጋጁ፣ በጥርስ እንዳትሞክሩት።

የቱን ዓይነት? ለስላሳ ቅርፊት ያለውን ምረጡ። መለያው ቅጠሉ ነው፤ በአንድ አንጓ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ቅጠሉ አራት አራት ሆኖ ዳሩ እሾሃማ ከሆነ ሻካራው ዓይነት ነው። ከዘር የበቀለ ርካሽ ችግኝ ሲያቀርቡላችሁ አትሸነፉ። እኔ ተሸንፌ ነበር። የተዳቀለው፣ ማለትም ከሌላ ማካዳሚያ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የተቀጠለበት ችግኝ፣ በአራት አምስት ዓመት ማፍራት ሲጀምር፣ ከዘር የበቀለው ሰባትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ፍሬውም ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ግንዱ ላይ የመዳቀያውን ጠባሳ ፈልጉ። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ከገዛችሁ ደግሞ ፍሬው ይበረክታል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፤ ማዳበሪያ። እኔ የተከልኩትን ችግኝ እንደ በቆሎ ቆጥሬ ዳፕ በተንኩበት። በወሩ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ዳፕ ውስጥ ፎስፎረስ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የማካዳሚያ ሥር ደግሞ ከደሃ አፈር ውስጥ ያለችውን ጥቂት ፎስፎረስ ሙጥጥ አድርጎ እንዲስብ የተፈጠረ ነው፤ ስታበዙበት ይመረዛል። ዳፕም ሆነ ፎስፎረስ ያለበትን ኤንፒኤስ አታስጠጉት። የበሰበሰ ፍግና ጉዝጓዝ ይበቃዋል። የሜጫና የአዊ ኮምጣጣ ቀይ አፈር ኮምጣጣነቱ መጠነኛ ከሆነ አያስፈራውም። ውሃ የሚቋጥር መረሬ ግን ይገድለዋል።

ቦታን በተመለከተ ከባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ወይና ደጋ ብሞክረው አይቆጨኝም። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ደፍሬ አልመክርም። እንጅባራማ ውርጩን አስቡት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ደረቅ ወቅት ሕፃን ችግኝ ያለ ውሃ አያልፈውም፤ እንደ ቆጋ ያለ መስኖ ያለው ሰው ታድሏል።

ስለ ገበያ ብዙ አልልም። ኬንያ ውስጥ ፋብሪካ አለው፣ ገዢም አለው። እናንተ ግን ሄክታር ከመሸፈናችሁ በፊት ማን እንደሚገዛችሁ ጠይቁ። ለጓሮ ሁለት ሦስት ዛፍ ይበቃል። ውሻ ካላችሁ የወደቀውን ፍሬ ቶሎ ልቀሙ፤ ማካዳሚያ ለውሻ መርዝ ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «ታዲያ ግራቪሊያውን ቆርጬ እሱን ልትከል?» አሉኝ። ግራቪሊያው ይቆይ አልኳቸው። የማካዳሚያ ሥር ጥልቀት የለውም፣ ነፋስ ይጥለዋል፤ ዘመዱ ይመክትለታል።