ለእናቴም ለእኔም ለደረሱልን የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ

እናቴ የአልዛይመር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት ሆኗል። ሐኪሙ ሕመሙን ነግሮን መድኃኒት ጻፈልን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀንና ሌሊት እንዴት እንደምንገፋው ያሳዩን ግን ለአረጋውያን የሚሠሩ አንዲት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሰዎችና ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ያሳለፉት እኚህ ሴት በቅርቡ ጡረታ ስለሚወጡ፣ ስሜን አትጥሪ ቢሉኝም፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላደርስ ወደድሁ።

እናቴ ሲመሻሽ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ትቆምና «ልሂድ፣ እናቴ ትጠብቀኛለች» ትል ነበር። እኔም እውነቱን መናገር ያለብኝ እየመሰለኝ አያቴ መሞቷን በነገርኋት ቁጥር መርዶውን ገና እንደሰማች ሆና ታለቅሳለች፤ ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት ማስታወስ አልፈልግም። ባለሙያዋ አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ቤታችን ተገኝተው ሲያዩ አላረሟትም፣ አልዋሿትምም፤ «እስቲ ስለ እናትዎ ያጫውቱኝ» ብለው አጠገቧ ቆሙ። እናቴ ስታወራ ስታወራ ቦርሳው ከትከሻዋ ወረደ፤ ተቀመጠች፤ መሄዷንም ተወችው። ሕመሙ አዲስ ነገር የሚመዘግበውን የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስን፣ ቀድሞ ስለሚያጠቃ የቅርቡ እየጠፋ የልጅነት ትዝታ እንደሚቆይ ያስረዱኝም ያን ዕለት ነው።

ሌላ ጊዜ እናቴ በሁለት ቀን ውስጥ እኔንም ሳትለይ ስትቀር ሕመሙ የባሰባት መስሎኝ ተስፋ ቆርጬ ደወልሁላቸው። «የመርሳት ሕመም በሁለት ቀን እንዲህ አይባባስም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት» አሉኝ፤ ስትመረመር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፣ ታክማም ወደ ነበረችበት ተመለሰች።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ እኔ ስለጠየቁ ነው። የአስታማሚን ጫና የሚለካውን ባለ 22 ጥያቄ የዛሪት መጠይቅ ይዘው ሲመጡ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልሸኛቸው ፈልጌ ነበር፤ እርሳቸው ግን መልሴን እያንዳንዱን አንብበው፣ በስልክ ብቻ የሚጠይቁኝን ወንድሞቼን ጠርተው «አይዞሽ ማለት ተራ መግባት አይደለም» አሏቸውና የየሌሊቱን ተራ በየስማቸው አስጻፏቸው።

እኛ ወደ እርሳቸው የደረስነው በሦስተኛው ዓመት፣ ሁላችንም ከደከምን በኋላ ነው። እናንተ ምርመራው በታወቀበት ሳምንት የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ እንዲመደብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ እኚህ ሴት ያሠለጠኗቸው ወጣቶችም በሥራ ላይ ናቸውና ካገኛችኋቸው ያለ ሥጋት ቤታችሁን ክፈቱላቸው። ይህን የጻፍሁት ሌሊት ነው፤ ተራው የታላቅ ወንድሜ ነው።