ከአንድ ገመድ በስተቀር ምንም ሳታስገዛን ባክአፓችንን ላቀለለችልን ባለሙያ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ ሆቴል የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የኮምፒውተር ባለሙያን በአደባባይ ማመስገን ልማዴ አይደለም። የማውቃቸው አብዛኞቹ ገና ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር የሚያወጡ ናቸው። ይህችኛዋ ግን ከአንድ ገመድ በስተቀር ምንም ሳታስገዛን ሥራችንን አቃንታልን ሄደች። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው እንዲጠቀምበት የሠራችውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

አንድ ሰርቨር (ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር) አለን። በላዩ ላይ ፕሮክስሞክስ የተባለው ሥርዓት ተጭኖ ቨርችዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በአንዱ ሰርቨር ውስጥ እንደ ራሳቸው ኮምፒውተር ሆነው የሚሠሩ ማሽኖችን፣ ያሠራል፤ አንዱ የክፍል ምዝገባና ክፍያ፣ አንዱ የሂሳብ፣ አንዱ የሠራተኞች ፋይል ማስቀመጫ ነው። በየሌሊቱ ሁሉም ለመጠባበቂያ (ባክአፕ) ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳሉ። ቅጂው ታምቆ (መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቆ) እንኳ 400 ጊጋባይት ሲደርስ ሌሊቱ አልበቃው አለ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ እንግዶች ሳይነጋ ወደ ደባርቅ ለመነሳት ሂሳብ ሊዘጉ ሲመጡ የመቀበያው ስክሪን ደርቆ ይቆማል፤ ሾፌሩ ከውጭ ጥሩንባ ይነፋል። መብራት ከጠፋማ ቅጂው መሀል ላይ ተቋርጦ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሰርቨሩን የሸጠልን ድርጅት መፍትሔው ትልቅና ፈጣን ማስቀመጫ መግዛት ነው ብሎ ዋጋ ላከልን። የሆቴሉ ባለቤት ዋጋውን አይተው «በዚህ ገንዘብ ጣሪያውን አስቀይርበታለሁ» አሉና ወረቀቱን ለእኔ መለሱልኝ።

ልጅቱን የጠቆመኝ አዘዞ የሚኖር የመድኃኒት አከፋፋይ ወዳጄ ነው። መጥታ ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ በየሌሊቱ የሚገለበጠው ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሁሉም ነው» አልኳት። «ሁሉም ሲሉ ምን ምን?» አለች። ለዚህ ከሻጩ ድርጅት የተተወልን አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ሁሉ ይህን ጥያቄ ማሳደድ ነበር ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ያየችው ገመዱን ነው። ሰርቨሩንና ቅጂው የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር የሚያገናኘው መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት መሆን ሲገባው በ100 ሜጋቢት ይሠራ ነበር። የኔትወርክ ገመድ በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ለ100 ሜጋቢት 4ቱ ይበቃሉ፣ ለጊጋቢት ግን 8ቱም በትክክል መገናኘት አለባቸው። የእኛ ገመድ ጫፉ ላይ በአግባቡ ስላልተገጠመ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ተስማምተው ፍጥነታቸውን ቀንሰዋል። ስለሚሠራ ደግሞ ማንም ትኩር ብሎ አላየውም። ወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ፦ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 100 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ነው፤ 400 ጊጋባይት በዚያ ለማሳለፍ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በጊጋቢት ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የስክሪኑ መድረቅም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቅጂ በሚካሄድበት ጊዜ ማሽኑ ገና ያልተገለበጠ ቦታ ላይ ሊጽፍ ከፈለገ፣ የድሮው ይዘት መጀመሪያ ወደ ቅጂው እስኪላክ መጠበቅ አለበት። ቅጂው የሚላክበት መንገድ ሲያዘግም የእንግዳ መቀበያውም አብሮ ያዘግማል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እርሷ ግን ገመዱን በአዲስ ካስቀየረች በኋላ ሰዓቱ ባሰላችው ልክ እንዳልቀነሰ አይታ ቀጠለች። ማነቆው ከገመዱ ወደ ማመቂያው ተዛውሮ ነበር። ቅጂው ይታመቅ የነበረው በጂዚፕ ነው፤ ይህ አሮጌ ዘዴ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው ከፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች (ኮሮች) አንዱን ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ያድራሉ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት ባደረገው ዜድስታንዳርድ ተካችው፤ እጅግ ፈጣን ነው፣ በማመቅም ከጂዚፕ አያንስም።

ከዚያ ወደ ማሽኖቹ ውስጥ ገባች፤ ትልቁ ጉድ የተገኘው እዚያ ነው። የሂሳብ ፕሮግራሙ ራሱ በየሌሊቱ ዳታቤዙን (የመረጃ ቋቱን) አምቆ እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጥ ኖሯል። ከተተከለበት ጊዜ ጀምሮ አንድም አልተሰረዘም። ስለዚህ ባክአፓችን ያለፉትን ባክአፖች በሙሉ በየሌሊቱ ሲገለብጥ ነበር። አንድ ጊዜ የታመቀ ፋይል ደግሞ ሲታመቅ አይቀንስም። የድሮዎቹን ለአንድ ጊዜ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጣ ካዝና ውስጥ አስቆለፈች፤ ለወደፊቱ የቅርቦቹ ጥቂቶች ብቻ እንዲቀሩ፣ እነርሱም ባክአፕ በማይነካው የተለየ ቨርችዋል ዲስክ ላይ እንዲቀመጡ አደረገች። ዊንዶውስ እንደ ማህደረ ትውስታ (ራም) ማራዘሚያ የሚጠቀምበትን ፋይልም ወደዚያው አዛወረችው፤ በየደቂቃው የሚለዋወጥና ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የድሮ ይዘቱ የማይፈለግ ነገር ለምን ይገለበጣል?

ሂሳብ ሠራተኛችን ፋይሎቹ ከተሰረዙ በኋላም ቅጂው ብዙም አለመቀነሱን አይታ ደነገጠች። ማብራሪያው ቀላል ነው። ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል እንጂ ይዘቱ ዲስኩ ላይ እንዳለ ይቆያል። ከውጭ ሆኖ የሚገለብጠው ሥርዓት የትኛው ቦታ የተጣለ፣ የትኛው የሚፈለግ እንደሆነ አያውቅም፤ ሁሉንም ይገለብጣል። ባለሙያዋ በቨርችዋል ዲስኮቹ ቅንብር ላይ «ዲስካርድ» የሚለውን፣ የተጣለው ቦታ እንዲለቀቅ የሚፈቅደውን ምርጫ አበራች። ከዚያ በዊንዶውሶቹ ላይ የዲስክ ማመቻቻውን፣ በሊኑክሱ (ሌላው የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ ኤፍኤስትሪም የተባለውን ትእዛዝ አስኬደች። ያን ጊዜ የተለቀቀው ቦታ ባዶ መሆኑ ለሰርቨሩ ተነገረው፤ ቅጂውም በግልጽ ቀነሰ።

በመጨረሻ የአገለባበጡን ዘዴ ለወጠች። ቅጂው በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውንና ያለክፍያ የሚገኘውን የፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ጫነች። ይህ ሥርዓት የማሽኑን ዲስክ በ4 ሜጋባይት ቁራጮች ይከፍላል፤ አንድ ዓይነት ይዘት ያለው ቁራጭ አሥር ቦታ ቢገኝ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በተጨማሪም ካለፈው ቅጂ ወዲህ የትኞቹ ቁራጮች እንደተነኩ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ይመዘግባል። ለክፍል ጽዳት ሠራተኞቻችን ያስረዳሁት፣ ድሮ ማንም ያላደረበትን ክፍል አንሶላ ሳይቀር እናጥብ ነበር፣ አሁን እንግዳ ያደረበትን ብቻ ነው ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን የማታ ፈረቃው እራቱን በልቶ ሳይጨርስ ያልቃል።

የማልረሳላት ጉድለቱንም ሳትደብቅ መናገሯን ነው። ያ የተነኩ ቁራጮች መዝገብ የሚኖረው ማሽኑ እስካልጠፋ ድረስ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ከወደቀ ቀጣዩ ቅጂ ዲስኩን በሙሉ እንደገና ያነባል፤ የሚልከው ግን አዲሱን ብቻ ነው። «መብራት በጠፋ ማግስት ቢቆይ ተበላሸ ብለው እንዳይደውሉልኝ» አለችን። እንደተባለውም ሆነ፤ አልደወልንም።

ቅጂዎቹ ከየቀኑ 7፣ ከየሳምንቱ 4፣ ከየወሩ 6 እንዲቀሩ ተደልድለዋል። የድሮ ቅጂ ሲሰረዝ ቦታው ወዲያው አይለቀቅም፤ ጽዳቱ ከአንድ ቀን በላይ ያልተነኩ ቁራጮችን ብቻ ስለሚያስወግድ አትደንግጡ። ሁለተኛው ቅጂ አዘዞ በሚገኘው የባለቤቱ መጋዘን ወዳለ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ተመስጥሮ ይሄዳል። የሚላከው አዲሱ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ደካማ ኢንተርኔትም ይችለዋል። የምስጢሩ ቁልፍ ወረቀት ላይ ታትሞ ካዝና ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ሰርቨሩ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰርቨሩ የተቃጠለ ቀን ቅጂው ምን ይረባናል?

ክፍያዋን ከመቀበሏ በፊት የሂሳቡን ማሽን ከቅጂው አስነስታ፣ ከኔትወርክ ነጥላ፣ ሠራተኛችን ራሷ መርጣ አንድ የቆየ ደረሰኝ እንድትከፍት አደረገች። ደረሰኙ ተከፈተ። «ቅጂ አለ» ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች ይህን አንድም ቀን አሳይተውኝ አያውቁም።

እንከኗንም ልናገር። ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሳም። የምትመጣው እንግዳ ከተኛ በኋላ ነው፤ ጥበቃው ያጉረመርማል። ማብራሪያዋም ይረዝማል፤ ከሰማ ሰው ግን ይጠቅማል። ዋጋዋ በሥራው እንጂ በሰዓት አይደለም፤ ሻጩ ድርጅት ከጠየቀን ጋር ሲነጻጸር ለመጥቀስም ያሳፍራል። ሁሉንም የሠራችውን በአማርኛ ጽፋ ከነሥዕሉ አስረክባናለች፤ ነገ እርሷ ባትኖር ሌላ ባለሙያ ከዚያ ተነስቶ ሊሠራ ይችላል።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣቷ በፊት የማሽኖቻችሁን ዝርዝርና የይለፍ ቃሎቹን የያዘውን ሰው አዘጋጁ፤ ይህ ካልተሟላ ተመልሳ ትሄዳለች። ከጥምቀት በፊት ያለውን ሳምንት ግን እኛ ቀድመን ይዘነዋል፤ ሌላ ቀን ጠይቋት።