የወረሱትን ድርጅት ራስ መምራት ወይስ ሥራ አስኪያጅ መቅጠር?

ሁለት ወራሾችን እንይ። አና ቦቲን እ.ኤ.አ. በ2014 አባቷ ሲሞቱ የስፔኑን የሳንታንደር ባንክ ሊቀመንበርነት ራሷ ያዘች። የፈረንሳዩ የመዋቢያ ድርጅት የሎሬያል ወራሿ ፍራንሷዝ ቤታንኩር ሜየር ግን የዕለት ሥራውን ለቅጥር ኃላፊዎች ተወች። እሷ ስለ ግሪክ አማልክት መጽሐፍ ጻፈች።

ወጪ፦ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ በርካሽ አይገኝም። ራስሽ ከመራሽ ደግሞ የምትከፍዪው በእንቅልፍሽ ነው።

ስጋት፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ራስሽ ከመራሽ «የአባቷ ልጅ ስለሆነች ነው» የሚል ሐሜት አይቀርልሽም። ቦቲን እንኳ አልቀረላትም፤ ያውም የባንኩን የብሪታንያ ቅርንጫፍ መርታ የመጣች! ከቀጠርሽ ደግሞ የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ የግድ ነው። አለበለዚያ በገዛ ቤትሽ እንግዳ ትሆኛለሽ።

ሥራውን ከሥር ጀምረሽ ካወቅሽው ራስሽ ያዢው። ልብሽ ሌላ ቦታ ከሆነ ቅጠሪ፤ የቦርድ ወንበርሽን ግን ቶሎ አትልቀቂ።