ቢከን ወይስ ኤርባግ? በበረዶው ወቅት መጀመሪያ የትኛው ይገዛ

ዴንቨር ያለ ወዳጄ ደወለና «አንድ ሺህ ዶላር አለኝ፤ ቢከን ልግዛ ወይስ ኤርባግ?» አለኝ። ሁለቱም ለበረዶ ናዳ የሚያዙ ናቸው፤ ቢከን ሰውነት ላይ የሚታሰር፣ የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ነው፣ ኤርባጉን ከታች እገልጸዋለሁ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ሎቭላንድ ፓስ የሚባል የተራራ መተላለፊያ አካባቢ በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ሊወጣ አስቧል። በረዶው ገና ስስ ስለሆነ ናዳ የሚኖር አልመሰለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስስነቱ ራሱ ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር የጣለው በረዶ ሳይቀልጥ የሚቆየው ፀሐይ እምብዛም በማያገኘው ከፍተኛ ቦታ፣ በተለይ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ በዞረ ተዳፋት ላይ ነው። ብርዱ ሲበረታበት መያያዙን ትቶ እንደ ስኳር ይፈረፈራል። ከዚያ ነፋስና አዲስ በረዶ ከላይ ይጭኑበታል። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ቁልቁለት ላይ አንድ ሰው ሲረግጠው የተጫነበትን ይዞ ቁልቁል ይናዳል። ሌላው ቦታ ባዶ መሬት ስለሆነ ደግሞ ስኪ የያዘ ሁሉ የሚጎርፈው ወደዚያው ነው።

ኤርባግ እጀታው ሲሳብ የሚነፋ የጀርባ ሻንጣ ነው። ቆሎ በሰፌድ ሲነቀነቅ ትልልቁ ወደ ላይ እንደሚወጣው፣ ሰውየውንም ግዙፍ አድርጎ ከናዳው በላይ ለማስቀረት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ከባድ ናዳ ከያዛቸው ሰዎች የሟቾቹን መጠን ከ22 ወደ 11 በመቶ እንደሚያወርድ አሳይቷል። ቀላል አይደለም። ግን ከአምስቱ አንዱ ሳይነፋ ቀርቷል፣ በብዛትም ሰውየው እጀታውን ስላልሳበ። በዚህ ወቅት ደግሞ ድንጋዩና ጉቶው ገና አልተሸፈነም፤ ከእነሱ ጋር መላተምን ኤርባግ አያስቀርም። ዋጋውም ከ700 ዶላር ይጀምርና ከሺህ ያልፋል።

ቢከን ከ300 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ነው። ናዳን አያቆምም፤ የተቀበረውን ሰው ጓደኞቹ እንዲያገኙት ነው የሚያደርገው። ሁሉም በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ የተለያየ ብራንድ ቢሆንም አንዱ የሌላውን ምልክት ይቀበላል። ባለ ሦስት አንቴና ዲጂታል ይሁን፤ ያረጀ ሰከንድ ሃንድ ይቅርባችሁ። ስልክ አጠገቡ አታስቀምጡ፣ ምልክቱን ይረብሸዋል።

የተቀበረ ሰው በሕይወት የመውጣት ዕድሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። የቆመ ናዳ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ ነው የሚደርቀው፣ በእጅ አይቆፈርም። ስለዚህ ቢከን ብቻውን ዋጋ የለውም። የአሉሚኒየም አካፋ (ፕላስቲኩን እርሱት) እና ቢያንስ 240 ሳንቲሜትር የሆነ መፈለጊያ ዘንግ አብረው ይገዛሉ።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፤ ሦስቱ ዕቃዎች ይቅደሙ፣ የተረፈው ብር ለጀማሪዎች የናዳ ኮርስ ይዋል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል ትንበያ ነፃ ነው፣ ጠዋት ሳያዩት አይወጣም። ኤርባግ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ያኔም በአውሮፕላን የሚጓዝ ከሆነ በባትሪ የሚነፋውን ይምረጥ፤ የሌላውን ዓይነት፣ አየር የታመቀበትን ሲሊንደር ሞልቶ በአሜሪካ አየር መንገዶች ማጓጓዝ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ወዳጄ «አብሮኝ የሚወጣው ልጅ ግን ቢከን የለውም» አለኝ። የተራራ ዕቃ ሱቆች ያከራያሉ። እስኪከራይለት ድረስ ቡና እየጠጡ ይጠብቁ።