80 ላንድክሩዘር፦ የመሃል ዲፈረንሻል መቆለፊያ ስታስገጥሙ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ድሬም ሐረርም 80 ላንድክሩዘር የያዛችሁ፣ ይሄ ነገር በየጋራዡ ስለሚያከራክር አንዴ በደንብ ልጻፈው። መሃል ዲፈረንሻሉን ከሾፌር ወንበር ሆኖ ለመቆለፍ ሰው የሚያስገጥማቸው ሶስት ነገሮች አሉ፣ የቶዮታ የራሱ ስዊች፣ ኤሌትሪሻን በሽቦ የሚሰራላችሁ ተራ ስዊች፣ እና ፓርት ታይም ኪት (ፊት ጎማው ሲፈለግ ብቻ እንዲጎትት የሚያደርግ)። ዋጋቸውም ስራቸውም በጣም ይራራቃል። በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን ጠብቀን መያዝ ስላለብን ብራችሁን የማይሆን ነገር ላይ እንዳታፈሱ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና እዩ። ትንሿ ማርሽ ላይ ኤች፣ ኤን፣ ኤል ብቻ ከሆነ የተጻፈው ፉል ታይም ነው፣ አራቱም ጎማ ሁሌ ይጎትታል። ኤች2 እና ኤች4 ተለይተው ካሉ ግን ፓርት ታይም ስለሆነ ምንም መግዛት የለባችሁም። ዳሽቦርዱንም እዩ፣ መኪና ተስሎበት መሃሉ ላይ ኤክስ ያለበት ስዊች ካለ ፋብሪካው ገጥሞላችኋል ማለት ነው፣ አንዳንዱ ለዓመታት ሲነዳ ምን እንደሆነ አያውቀውም።

ፉል ታይሙ አስፓልት ላይ ጌታ ነው። የደንገጎን ዳገት በዝናብ ስትወጡ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ የሚይዝላችሁ እሱ ነው፣ መሃል ዲፈረንሻሉ የፊትና የኋላ ጎማ በየራሱ ፍጥነት እንዲዞር ስለሚፈቅድ። አሸዋ ላይ ግን ያው ባህሪው ይጎዳችኋል፣ ጉልበቱ ወደቀለለው ጎማ ይሄድና አንዱ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያያል። በፈረንጆቹ ከ1992 መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ የወጡት ላይ ቪስከስ ካፕሊንግ (ፊትና ኋላው በፍጥነት ሲለያዩ በወፍራም ፈሳሽ የሚይዝ ነገር) ተጨምሮበታል፣ ትንሽ ያግዛል እንጂ እንደ ቁልፍ አይሆንም። ስዊች የሌለው መኪና ደግሞ የሚቆልፈው ሎው (ኤል) ውስጥ ስትገቡ ብቻ ነው። አሸዋ የሚፈልገው ግን ፍጥነት ነው፣ ሽንሌን አልፋችሁ ወደ ደወሌ ከዋናው መንገድ ስትወጡ በሎው ሞተሩ እየጮኸ መሄድ ምን ያደርጋል? ሃይ (ኤች) ላይ ሆኖ መቆለፍ ነው የሚያስፈልገው። ደቻቱ፣ ድሬ መሃል በሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ውስጥ በክረምት አሸዋ ይዟችሁ መቆም ደግሞ የቀልድ አይደለም፣ የ1998ቱን ጎርፍ የድሬ ሰው ያስታውሰዋል፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከተራራው ሊመጣ ይችላል።

እንግዲህ የኔ ምርጫ የቶዮታው ስዊች ነው፣ ለአብዛኛው ሰው ሌላ አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ ሽቦው ከዳሽቦርዱ ኋላ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ ሶኬቱን ፈልጎ መሰካት ነው፣ ትራንስፈር (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ክፍል) አይከፈትም፣ ዘይት አይፈስም። ትዕዛዙ በመኪናው በራሱ መቆጣጠሪያ በኩል ስለሚያልፍ ትራንስፈሩን የምትቆልፈው ትንሽ ሞተር መቆለፉን ስትጨርስ ትቆማለች፣ መብራቱም በትክክል ይበራል፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነ ሲቆለፍ ኤቢኤሱ ይጠፋል (ይሄ ጤነኛ ነው፣ አትደንግጡ)። አሮጌውን ከተፈታ መኪና ላይ ካገኛችሁም ይሰራል፣ ስዊች ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም። ከዚህ ጋር ብዙዎች የሚያስደርጉት አንድ ነገር አለ፣ ከመቆጣጠሪያው ሶኬት ላይ 7ኛዋን ፒን ማውጣት፣ እንደዛ ሲሆን ሎው ስትገቡ በራሱ መቆለፉ ይቀርና ሁሉም በስዊቹ ይሆናል። ከባድ ተጎታች ይዞ ጀጎል በሮች አካባቢ ጠባብ ቦታ ላይ ወደኋላ ለሚመልስ ሰው በጣም ይጠቅማል፣ ሎው አለ፣ መሪው ግን አይታሰርም። ፒኗን ንቀሉና በቴፕ ጠቅልሉ እንጂ ሽቦውን አትቁረጡ፣ ነገ መመለስ ትፈልጉ ይሆናል።

ተራው ስዊች ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ እኔ ግን አልመክርም። ትራንስፈሩ ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ነው የምትዞረው፣ ጫፍ ስትደርስ ኤሌክትሪኩ ሊቋረጥላት ይገባል። በቀጥታ ከባትሪ ሽቦ ስቦ የሰጣት ኤሌትሪሻን ይሄን ካላሰበበት ሞተሯ እየታገለች ትቃጠላለች፣ እሷን መግዛት ደግሞ ከኦሪጅናሉ ስዊች በላይ ነው የሚያስወጣችሁ። ስራውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ሪሌይ ምናምን ሲጨመርበት የዋጋው ልዩነት ያን ያህል አይሆንም።

ፓርት ታይም ኪቱ ሌላ ዓለም ነው፣ ትራንስፈር ይፈታል፣ ቪስከሱ ይወጣል፣ ፊት ጎማ ላይ ፍሪ ዊል (ጎማውን ከአክሱ የሚያላቅቅና የሚያገናኝ) ይገባል፣ ከዛ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ ይሄድና ፊቱን ስትፈልጉ ታገናኛላችሁ። የፊት ክሮቸራና ጊርስ ያርፋሉ፣ ነዳጅም ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ለነዳጅ ብላችሁ አትግዙት፣ የኪቱን ዋጋ በነዳጅ ለመመለስ ዘመን ይፈጃል። ደንገጎ ላይ በዝናብ የነበራችሁን ያዥነትም ታጣላችሁ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የሚገባው ቪስከሱ ለተቃጠለ ሰው ነው፣ ትራንስፈሩ መከፈቱ ካልቀረ አስቡበት።

በነገራችን ላይ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ታይፕ አር ኤ ላይ እንዳለው በጣት እየዞረ የሚጠብቅና የሚላላ መቆጣጠሪያ ለዚህ መኪና ይገጠም ወይ የሚሉ አሉ። አይሆንም አቦ፣ የሱባሩው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ማግኔት ያለው ፍሪሲዮን ነው፣ የኛው ጥርስ በጥርስ ስለሆነ ወይ ተቆልፏል ወይ ተፈቷል፣ መሃል የለውም።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አፈር ላይ ቆማችሁ ሎው አስገቡና ትንሽ ወደፊት ንዱ፣ የመቆለፊያው መብራት ከበራ ሞተሯ ደህና ናት፣ ስዊቹን ግዙ። ካልበራ ስዊች ምንም አይሰራላችሁም፣ ብዙ ጊዜ ሳትነካ ቆይታ በአቧራና በዝገት ተይዛ ነው፣ መጀመሪያ እሷ ትፈታ፣ ትጽዳ፣ ሶኬቷም ይታይ። ሁለተኛው፣ በሃይ ሳይቆለፍ ደረቅ አስፓልት ላይ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፣ ከዚራ ሰፊ መንገድ አይጠፋም፣ መኪናው እንደታሰረ እየተጎተተ ጎማው ከጮኸ ቪስከሱ ደርቋል። ሲገጠም ደግሞ ጎማ እየተሽከረከረ አትቆልፉ፣ አሸዋው ጋ ሳትደርሱ ቆማችሁ ወይ ቀስ ብላችሁ ቀጥ እያላችሁ ተጫኑት፣ አስፓልት ስትመለሱ ወዲያው ፍቱት፣ መብራቱ አልጠፋም ካለ ትንሽ ወደኋላ መለስ ስትሉ ይለቃል። በወር አንዴ አሸዋ ላይ ቆልፋችሁ ፍቱት፣ የድሬ አቧራ ያልተነካ ነገር አይምርም።